«የት ተጻፈ?» — ደቂቀ እስጢፋኖስን በሬንተን ሳነብ

እናቴ ያረፈችው ከሲያትል በስተደቡብ በምትገኘው በሬንተን ከተማ ነው። ዝናቡ በማያባራበት በኅዳር ወር ቀበርናት። ዐርባዋ በነቢያት ጾም ውስጥ ስለ ዋለ ድግሱ የጾም ነበረ፤ ሽሮው፣ ምስር ወጡ፣ ጎመኑ በተከራየነው አዳራሽ ጠረጴዛዎች ላይ ተደርድሯል። ካህናቱ ጸሎቱን አድርሰው ጸበል ጻዲቁን ባርከው ገና መቀመጣቸው ነበር፤ ታናሽ እኅቴ ወደ ጎን ጠራችኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ወደ ወንጌላውያን የገባች ናት። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ወንድም ዓለም፣ ለእማዬ ያወጣችሁት ይህ ተዝካር የት ተጻፈ?» አለችኝ።

ለዚህ ጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር። በእኛ ሰፈር «ለመናፍቃን ጥያቄ መልስ» የሚያቀርቡ ትንንሽ መጻሕፍት በየቤቱ ይገኛሉ፤ አንዷን በዚያው ሳምንት አንብቤአት ነበር። ስለዚህ ሳላመነታ፣ «ሁለተኛ መቃብያን፣ ምዕራፍ 12፣ ከቁጥር 43 ጀምሮ» አልኋት። «እንግዲያውስ አሳየኝ» አለች። ከካህናቱ ጠረጴዛ ላይ ሰማንያ አሐዱውን መጽሐፍ ቅዱስ አነሣሁና ገለጥሁ። የለም። አንደኛውንም ሦስተኛውንም አገላበጥሁ። የለም። እኅቴ አልሳቀችብኝም፤ ብትስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። ካፖርቷን ለብሳ ምንም ሳትቀምስ ወደ ዝናቡ ወጣች።

ስሕተቱ የት እንደ ሆነ የተረዳሁት ከቀናት በኋላ ነው። ይሁዳ መቃቢስ በጦርነት ለሞቱበት ወታደሮች ኃጢአት መሥዋዕት እንዲቀርብላቸው ሁለት ሺህ ድራህማ ብር አዋጥቶ ወደ ኢየሩሳሌም መላኩ የሚተረከው በግሪኩ መጽሐፍ ነው። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበላቸው ሦስቱ መጻሕፍተ መቃብያን ግን ከግሪኩ ጋር በስም እንጂ በነገር አይገናኙም። የእኛው መቃቢስ ከብንያም ነገድ ነው፤ ልጆቹ ሰማዕትነት የሚቀበሉት ጺሩጻይዳን በተባለ ጣዖት አምላኪ ንጉሥ እጅ ነው። ትንሣኤ ሙታን በሰፊው ይነገርበታል፤ የይሁዳ ሁለት ሺህ ብር ግን በውስጡ የለም። የትንሿ መጽሐፍ አዘጋጅ ክርክሩን ከካቶሊኮች የመከራከሪያ መጻሕፍት ቀድቶ፣ የራሱን ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ሳይገልጥ ነው የጻፈው። እኔም እንደ እርሱ ሳልገልጥ ደገምሁት።

ይህን የማነሣው አንድን ደካማ መጽሐፍ ለመዝለፍ አይደለም። እንዲህ ያሉት መጻሕፍት ጥቅስ በማጣት አይታሙም፤ ገጾቻቸው በምዕራፍና በቁጥር የተሞሉ ናቸው። የሚያሳዝነኝ ተከራካሪው ያወጣውን ደንብ ሳይመረምሩ መቀበላቸው ነው። ደንቡም እያንዳንዱ ሥርዓት አንድ አንድ ቁጥር ይኑረው የሚል ነው። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው አደን ነው። ለዐርባ ቀን መታሰቢያ ምስክር ሲፈለግ ዘፍጥረት 50 ይጠቀሳል፤ ያዕቆብ ሲሞት መድኃኒት ቀቢዎቹ ዐርባ ቀን ፈጁ ይላልና። ዳሩ ግን ያ የግብፃውያን የሬሳ ማድረቂያ ጊዜ ነው፤ ልቅሶው ራሱ ሰባ ቀን ነበረ። ለሙሴ ደግሞ ሠላሳ ቀን ተለቀሰለት። የኛን ሣልስት፣ ሰባት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ሠላሳ፣ ዐርባ፣ ሰማንያ፣ መንፈቅና ሙት ዓመት በእነዚህ ቁጥሮች ላይ መስቀል፣ ግድግዳ ሳይኖር ሥዕል እንደ መስቀል ነው። ለሙታን መታሰቢያ ቀን የሚወስኑት እነ ሲኖዶስና ዲድስቅልያ ናቸው፤ በቤተ ክርስቲያን ዘንድም እነዚህ ከሰማንያ አሐዱ ጋር የሚቈጠሩ መጻሕፍት ናቸው። አዘጋጁ ይህን ለመናገር ያፈረ ይመስላል። ምክንያቱ ግልጥ ነው፤ ጠያቂው እነዚህን መጻሕፍት አይቀበልም። ስለዚህ በጠያቂው መጽሐፍ ውስጥ የራሱን ሥርዓት ሲፈልግ ይውላል።

በዚያ ክረምት ወደ ሬንተን ቤተ መጻሕፍት መመላለስ ጀመርሁ። ቤቱ በሲዳር ወንዝ ላይ እንደ ድልድይ ተዘርግቶ የተሠራ ነው፤ በመስኮቱ ሥር ውሃው ይወርዳል፤ በመከር ወራት ሳልመን የተባለው ዓሣ ከሐይቁ ወደ ተፈለፈለበት ሲወጣ ሕፃናትም ሽማግሌዎችም ቆመው ያዩታል። በዚያ መስኮት አጠገብ፣ ከቤቴ ይዤው እየሄድሁ፣ የፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌን «ደቂቀ እስጢፋኖስ፤ በሕግ አምላክ» ለሁለተኛ ጊዜ አነበብሁ። መጽሐፉ በ1996 ዓ.ም. በኮሌጅቪል፣ ሚኒሶታ የታተመ ነው። በመጀመሪያ ያነበብሁት እንደ ታሪክ ነበረ። አሁን ግን የእኅቴን ጥያቄ ይዤ ነው የገባሁበት።

አዘጋጁን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ፕሮፌሰር ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1975 በአዲስ አበባ በደርግ ወታደሮች ጥይት ቆስለው፣ ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ የኖሩ ሰው ናቸው። በስደት በሚኒሶታ የብራና መጻሕፍትን ፊልም ሲመረምሩና ሲዘረዝሩ ዕድሜያቸውን ፈጅተው በ2021 ዐረፉ። የቤተ ክርስቲያን ልጅ ናቸው፤ ግእዙን ከዩኒቨርሲቲ ብቻ የተማሩት አይደለም። ይህን መጽሐፍ ከውጭ የመጣ ወቀሳ አድርጎ የሚያነብ ሰው ጸሐፊውን አላወቃቸውም።

ነገሩ የዐሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት ነው። በትግራይ የተነሣው አባ እስጢፋኖስ የተባለ መነኵሴ ማኅበር መሠረተ፤ ደቀ መዛሙርቱ በኋላ በዓጋሜ በረሓ በጉንዳ ጉንዶ ተተከሉ። ማኅበሩ በሥራ፣ በጾምና በጽሙና የጸና ነበረ። ከዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ጋር (የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው) ያጋጨው ስግደት ነው። ለንጉሡና ለስሙ ስገዱ ሲባሉ ከአብ፣ ከወልድና ከመንፈስ ቅዱስ በቀር ለማንም አንሰግድም አሉ። ለመስቀልና ለማርያም ሥዕል አይሰግዱም የሚለው ክስ ተከተለ። ንጉሡም ገረፋቸው፣ አጋዛቸው፣ አካላቸውን አጐደለ፤ አስገደላቸውም። አባ እስጢፋኖስ ራሱ በእስር ሞተ። ገድሎቻቸው ይህን ሁሉ በዝርዝር ይተርኩታል፤ ጌታቸውም ሳያለዝቡ ወደ አማርኛ መልሰውታል። አንዳንዱን ገጽ ሳነብ መጽሐፉን አጥፌ ወንዙን ለማየት ተገድጃለሁ።

ንዑስ ርእሱን ልብ በሉ። «በሕግ አምላክ» በሀገራችን ሰው ሲደባደብ፣ ባለዕዳ ሲሸሽ፣ ጉልበተኛ ደካማን ሲያጠቃ የሚጮኽ ቃል ነበረ፤ የተጠራበት ሰው ባለበት ይቆማል፤ አልቆም ካለ ነገሩ ሌላ ወንጀል ይሆንበታል። ጌታቸው ይህን የመንደር ጥሪ በንጉሠ ነገሥት ፊት ለቆሙ መነኮሳት መስጠታቸው ስለ መጽሐፉ ብዙ ይናገራል። መነኮሳቱ ንጉሡን በእግዚአብሔር ሕግ ስም ቁም ሲሉት ይታያሉ። በጥይት የቆሰለ ሰው ይህን ርእስ ሲመርጥ ያለፈውን ዘመን ብቻ እያሰበ ነው ብሎ የሚያምን የዋህ አንባቢ የለም።

መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ በሁለት ወገን ተጎትቷል። በወንጌላውያን ዘንድ አባ እስጢፋኖስ ሉተር ከመወለዱ በፊት የተነሣ የሀበሻ ተሐድሶ አራማጅ ሆኗል፤ ይህንኑ በእኅቴ ጉባኤ አንድ ሰባኪ ሲናገር በጆሮዬ ሰምቻለሁ። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ ደግሞ ማርያምን የናቀ መናፍቅ ተብሎ ይዘጋል። ሁለቱም ወገኖች ገድሉን እስከ መጨረሻው ያነበቡ አይመስለኝም። ለሰባኪው የምለው ይህ ነው፤ አባ እስጢፋኖስ መነኵሴ ነበረ። ቅዳሴን፣ ጾምን፣ ቈብን፣ አበምኔትን ይዞ ነው የሞተው። ቤቴ ቢመጣ ከእኅቴ ጋር ከመዘመር ይልቅ ስለ ጾሜ መላላት እኔን ይገሥጸኝ ነበር። ጉንዳ ጉንዶም በኋለኛው ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ጋር ታርቆ ከታላላቆቹ የመጽሐፍ መጻፊያ ገዳማት አንዱ ሆነ፤ ከዚያ የወጣ ባለ ሥዕል ወንጌል ዛሬ በባልቲሞር በዎልተርስ ሙዚየም ይታያል። በሌላው ወገን ላሉት ደግሞ የከሳሽን ቃል የተከሳሽ እምነት አድርጎ መድገም ከፍርድ እንደማይቈጠር አስታውሳለሁ።

መጽሐፉን በሁለተኛው ንባብ ያየሁበት ድካም ከዚህ የተለየ ነው። ጌታቸው ለመነኮሳቱ ያላቸውን አዘኔታ አይሰውሩም፤ ይህ አያስወቅሳቸውም። ነገር ግን ገድል በባሕርዩ የአንድ ወገን ድምፅ ነው። ንጉሡም ጸሐፊ ነበረ፤ ምናልባትም ከነገሥታቶቻችን ሁሉ እንደ እርሱ በነገረ መለኮት የጻፈ የለም። «መጽሐፈ ብርሃን» በስሙ ይጠራል። «ጦማረ ትስብእት»ንና ስለ እመቤታችን የተጻፉትን ድርሰቶቹን አዘጋጅተው ከእንግሊዝኛ ትርጉም ጋር ለዓለም ሊቃውንት ያቀረቡት ራሳቸው ፕሮፌሰር ጌታቸው ናቸው። ስለዚህ እንዲህ ሆነ፤ የገራፊው ክርክር በእንግሊዝኛ ለምሁራን ወጣ፣ የተገራፊዎቹ ደግሞ በአማርኛ ለእኛ። የአማርኛው አንባቢ ንጉሡን ጅራፍ እንደ ያዘ ብቻ ያየዋል፤ መጽሐፍ ገልጦ ሲከራከር አያገኘውም።

ይከራከር ነበርና። ይህን ማወቅ ለእኅቴ ጥያቄ ቁም ነገር ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ሥርዓት ሲያወጣ «እኔ ስላልሁ» ብቻ አላለም፤ መጽሐፍ ይጠቅስ ነበር። በቀዳሚት ሰንበት ጉዳይ የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት አንድ መቶ ዓመት ያህል ተሰድደዋል፤ ከግብፅ የሚመጡት ጳጳሳት ሰንበትን ማክበር አይሁድነት ነው ይሉ ነበር። ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1450 በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ ሲያስወስን ያስደገፈው በኦሪት ብቻ አይደለም፤ ሐዋርያት ጻፉአቸው በሚባሉት በሲኖዶስና በዲድስቅልያ ጭምር ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቀድሞ በኢየሩሳሌም ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መነኮሳት የላከው ስጦታ አንድ የሲኖዶስ መጽሐፍ ነበረ፤ ያ ብራና ዛሬ በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። በሰው ሀገር ላለ ማኅበር ሥርዓቱን እንዲይዝበት ከሀገር ቤት መጽሐፍ ይላክለታል። በሬንተን ሆኜ ይህን ሳስብ ፈገግ አልሁ፤ እኛም ከአዲስ አበባ ሰው ሲመጣ የምናስይዘው በርበሬና መጽሐፍ ነው።

እንግዲህ ንጉሡም መነኮሳቱም «ተጽፏል» ይላሉ። ልዩነታቸው የቱ መጽሐፍ ምን ያህል ሥልጣን አለው፣ የተጻፈውንስ ማን ይተረጕመዋል የሚለው ላይ ነው። ስግደትን እንውሰድ። አብርሃም ለኬጢ ልጆች ሰግዷል (ዘፍ. 23)። ነቢዩ ናታን ለዳዊት በግንባሩ ሰግዷል (1ነገ. 1)። በሌላ በኩል ቆርኔሌዎስ በእግሩ ሥር ሲወድቅ ጴጥሮስ አንሥቶታል (ሐዋ. 10)፤ ዮሐንስም ለመልአኩ ሊሰግድ ሲል ተከልክሏል (ራእ. 19)። ግእዙ ለሁሉም የሚለው አንድ ቃል ነው፤ ሰገደ። ሊቃውንቱ ይህን አይተው የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት ብለው ለዩ። መለያው ትክክል ነው፤ ቋንቋው ያስገድዳል። ነገር ግን መለያው ራሱ በየትኛውም ቁጥር አልተጻፈም። የሰጋጁን ልብ የሚመረምር ማን ነው? አባ እስጢፋኖስ በችሎት ሲቆም የተጠየቀው ይህን የረቀቀ ልዩነት እንዲያብራራ አልነበረም፤ ጉልበቱን እንዲያጥፍ ነበር። በጅራፍ ፊት የአክብሮት ስግደትና የአምልኮ ስግደት አንድ ይመስላሉ። መነኵሴው እምቢ ያለበትን ምክንያት የማከብረው ለዚህ ነው፤ ምንም እንኳ እናቴ በየማለዳው በመኝታ ቤቷ ለእመቤታችን ሥዕል የሰገደችውን ስግደት ጣዖት ነው የሚለኝን ሰው ባልታገሥም።

ከሁለቱም ይልቅ የሚያረካኝን መልስ ያገኘሁት ከመቶ ዓመት በኋላ ከነገሠው ከዐፄ ገላውዴዎስ ነው። ኢየሱሳውያኑ ኢትዮጵያውያን በአይሁድ ሕግ ይኖራሉ ብለው ሲከሱ፣ ንጉሡ እ.ኤ.አ. በ1555 አጭር የእምነት መግለጫ ጻፈ። በጥቂት ገጾች ሦስት ክሶችን ይመልሳል፤ ሦስቱን ግን በአንድ ሚዛን አይመዝናቸውም። ቀዳሚት ሰንበትን ሲነካ ወደ መጽሐፍ ይሄዳል፤ እንደ አይሁድ አናከብራትም፤ ሐዋርያት በዲድስቅልያ እንዳዘዙን ቅዳሴ እንቀድስባታለን ይላል። ግዝረት ላይ ሲደርስ ግን ጥቅስ አያድንም። የሀገር ልማድ ነው፣ በኢትዮጵያና በኖባ ሰዎች ፊታቸውን እንደሚበጡት ያለ ነው፣ የኦሪትን ሕግ ለመፈጸም የምናደርገው አይደለም ይላል። የእሪያ ሥጋም እንዲሁ፤ የሚበላን አንጠላም፣ የማይበላን አናስገድድም።

ይህን የሚጽፈው ገና ወጣት ሳለ በግራኝ ጦርነት የፈራረሰ መንግሥት የተረከበ፣ የፖርቱጋል ጠመንጃ ያገዘው፣ ከሮም ጋር ለመጋጨት ብዙ የሚያጣበት ንጉሥ ነው። እንዲያም ሆኖ «ልማድ ነው» ለማለት አላፈረም። የኛ የመልስ መጻሕፍት የጠፋባቸው ይህ ቃል ነው። ተዝካሩ በሲኖዶስ አለ፤ ዐርባ ቀኑን የምናስብበት ምክንያት ከአበው የመጣ ነው፤ ድግሱ፣ ጠላውና ዳቦው ግን የሀገር ልማድ ነው፤ በሀገር ቤት ብዙ ድሀ ለተዝካር ተበድሮ ከስሯልና ቢቀንስም ሃይማኖት አይጐድልም። እንዲህ ብሎ ሦስቱን ለይቶ የሚጽፍ ሰው ቢገኝ፣ በዚያ ማታ በአዳራሹ ውስጥ ለእኅቴ የምላት ነገር ይኖረኝ ነበር። ሁሉንም በአንድ ጥቅስ ሥር ስናስገባ ጥቅሱ ሲወድቅ ሁሉም አብሮ ይወድቃል።

ለእኅቴና ለወንድሞቿም ያለኝ ወቀሳ ቀላል አይደለም። «የት ተጻፈ?» የሚል ሰው መጽሐፉ ስንት እንደ ሆነ የት እንደ ተጻፈ ተጠይቆ አያውቅም። የስድሳ ስድስቱ ዝርዝር በስድሳ ስድስቱ ውስጥ የለም። የሰማንያ አሐዱም በሰማንያ አሐዱ ውስጥ ቢፈለግ እንኳ አቈጣጠሩ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። ዝርዝሩን ያወረሱን ሰዎች ናቸው፤ ጸልየውበት፣ አንብበውበት፣ ተጣልተውበት። ከዚህም በላይ ጥያቄው ለማን እንደሚቀርብ ልዩነት አለው። አባ እስጢፋኖስ የጠየቀው ሥርዓትን በዐዋጅና በሰይፍ የሚያስፈጽም ንጉሥን ነው። በሬንተን የሚያስገድድ ንጉሥ የለም፤ ዐርባ ያላወጣ ሰው አይገረፍም፤ የቦይንግ ፋብሪካ ፈረቃውን ጨርሶ ቢተኛ የሚጠይቀው የለም። ያንኑ ጥያቄ እናቱን በቀበረ ወንድም ላይ ማንሣት ቃሉ አንድ ቢሆንም ነገሩ ሌላ ነው። ይህን ለእኅቴ በቃል አልነገርኋትም፤ እዚህ የጻፍሁት አማርኛ ማንበብ ስላልተወች ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። እናቴ ሰማንያ አሐዱ እያለች ስትምል ኖራ፣ በራስጌዋ የነበረው መጽሐፍ ቅዱስ ግን በ1954 ዓ.ም. የታተመው፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተተረጐመው ስድሳ ስድስቱ ነበረ። መቃብያን የለበትም፤ ሄኖክ የለበትም፤ ኩፋሌ የለበትም። ይህ አስጨንቋት አያውቅም። መጽሐፉ መጽሐፍ ነው፤ የቀረውን ካህናቱ ያውቁታል። እኅቴና እኔ የምንከራከርበትን ነገር ሁሉ በአንድ ራስጌ ላይ አስቀምጣ ተኝታበታለች።

ሙት ዓመቷ ሲደርስ እኅቴ ሳልጠራት መጣች። ወንዙ በዓሣ የተሞላበት ሰሞን ገና ማለፉ ነበረ። ወጥ ቤት ገብታ ከጠዋት እስከ ማታ ሽንኩርት ስትከትፍ፣ ሳህን ስታጥብ ዋለች፤ ጸሎቱ ሲደርስ በሩ ላይ ቆመች፤ ጸበል ጻዲቁ ሲዞር ራሷን ነቀነቀች፤ እኔም ምንም አላልሁም። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ የእማዬን መጽሐፍ ቅዱስ እንድሰጣት ጠየቀችኝ፤ ሰጠኋት። ስትገልጠው በመዝሙረ ዳዊት መካከል አንድ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ፤ እናታችን ለካህን በጸሎት እንዲያስቡላት የምትሰጠው የሙታን ስም ዝርዝር ነበረ፤ በዚያ በሚንቀጠቀጥ የእርጅና ጽሕፈቷ፣ ሁሉም በክርስትና ስማቸው። እኅቴ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ከላይ ወደ ታች አነበበችው። ከዚያ በሦስተኛው ስም ላይ ጣቷን አቁማ፣ «ይህ ማን ነው?» አለችኝ።

የአባታችን የክርስትና ስም ነበረ።